የጉበት ስብ በሽታና የቤተ ዘመድ ድርሻ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር





የተሰጠኝ አርእስት የጉበት ስብ በሽታ ከቤተ ዘመድ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። አርእስቱ በመጀመሪያ ሲታይ ለልዩ ጠበብት የተተወና ከዕለት ተዕለት ሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ለእኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር አስቀድሜ ብናገር የቀረውን ለማስረዳት ይቀለኛል። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ አንዲት እናት በእኔ ክፍል ተኝተው ይታከሙ ነበር። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሯል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ እግራቸው አብጧል። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ዐሥር ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። የጉበት ቫይረስ ምርመራቸው ነጻ ነበር። ጠላ ጠምቀው እንግዳ ያስተናግዱ እንደ ሆነ እንጂ እርሳቸው ራሳቸው መጠጥ አይቀምሱም ነበር። ይህን እያወቅን ከእኛ አንዱ በካርዳቸው ላይ «መጠጥ?» ብሎ ጽፎ ነበር። ያቺን የጥያቄ ምልክት ማንም አልሰረዛትም፤ እኔም አልሰረዝኋትም። ሦስት ልጆቻቸው በየተራ ያስታምሟቸው ነበር። ደም እንዲለግሱ ጠየቅናቸው፤ ለገሱ። መድኃኒት ከውጭ ገዝተው እንዲያመጡ አዘዝናቸው፤ ገዝተው አመጡ። እናታቸው ባረፉም ጊዜ አስከሬኑን ተረክበው ሄዱ። ስለ ራሳቸው ጤንነት ግን አንድም ነገር አልጠየቅኋቸውም፤ አልነገርኋቸውምም።

ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ተረኛ በሆንሁበት አንድ ሌሊት ደም የሚያስታውክ ዐርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው በዘመዶቹ ተደግፎ መጣ። ጉበቱ በጠባሳ ተወርሶ፣ የምግብ ቧንቧው ደም ሥሮች ከመጠን በላይ ተወጥረው ፈንድተው ነበር። ደሙን ለማቆም ስንረባረብ፣ አጠገቡ የቆመችው ታላቅ እኅቱ «ዶክተር፣ እናታችንንም እኮ ያከሟት እርስዎ ነበሩ» አለችኝ። በንግግሯ ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያውም የምታውቀው ሐኪም በማግኘቷ ተጽናንታ ነበር። በዚያ ሌሊት ደሙ ቆመለት፤ ከአንድ ዓመት በላይ ግን አልቆየም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህን ጥፋት ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ዛሬም አብዛኞቻችን እንደማንጠይቅ ስለማምን ነው።

የበሽታው ምንነትና የስሙ ታሪክ

ጤናማ ጉበት ስብ የለውም ለማለት ይቻላል። ከጉበት ሴሎች 5 ከመቶ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የስብ ጠብታ ይዘው ሲገኙ ጉበቱ ስብ አከማችቷል ይባላል። በአብዛኛዎቹ ሰዎች ነገሩ በዚያው ተወስኖ ይቀራል። በጥቂቶቹ ግን ስቡ ብግነትን ያስከትላል፤ ብግነቱ ጠባሳን ይወልዳል፤ ጠባሳውም በዓመታት ብዛት ጉበቱን አጠንክሮና አኮማትሮ ሲሮሲስ ወደምንለው ደረጃ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የጉበት ካንሰር ሊከተል ይችላል። ይህ ጉዞ በአብዛኛው ያለ ሕመም ስሜት የሚካሄድ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው ወደ እኛ የሚመጣው መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ነው።

መጠጥ ጉበትን በስብ እንደሚሞላ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1980 ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግና የሥራ ባልደረቦቹ የ20 ሕመምተኞችን የጉበት ናሙና መርምረው፣ የጠጪ ጉበት የሚመስል ነገር መጠጥ በማያዘወትሩ ሰዎች ላይ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ውፍረት የነበራቸው ሲሆኑ፣ የስኳር በሽታ የነበረባቸውም ነበሩ። ለበሽታው የሰጡት ስም «ከአልኮል ውጭ የሚመጣ» የሚል ነበር። ስሙ በሽታው ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ከዚህም በላይ መጠጥን በስሙ ውስጥ አስገብቶ ስላስቀረ፣ ያልጠጣውን ሕመምተኛ ሁልጊዜ «አልጠጣሁም» እያለ እንዲከራከር አደረገው። ይህን ጉድለት ለማረም በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው ስሙን ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ ወደሚል ለወጡት። ስለሆነም የዛሬው ስም ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከወገብ ውፍረትና ከደም ውስጥ ቅባት ጋር ያለውን ዝምድና በግልጥ ይናገራል። የጥያቄ ምልክት በካርዳቸው ላይ ለቀረባቸው እናት ይህ ስም ዘግይቶ ደረሰ።

በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚመላለስ ምን ማስረጃ አለ?

አንድ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ዘር ነው፤ ሁለተኛው አንድ ላይ መኖር ነው። ወንድማማቾች የሚወርሱት የአባትና የእናታቸውን ደም ብቻ አይደለም፤ የእናታቸውን ወጥ፣ የቤታቸውን የአበላል ልማድና የሰፈራቸውን አኗኗርም ይወርሳሉ። ስለዚህ «በቤተሰብ አለ» ማለት «በዘር መጣ» ማለት አይደለም። ሁለቱን ለመለየት የተደረጉትን ጥናቶች ባጭሩ ላቅርብ።

በ2009 ጄፍሪ ሽዊመርና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ያደረጉትን ጥናታቸውን አቀረቡ። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን ልጆች በሁለት ከፈሏቸው፤ አንዱ ወገን የጉበት ስብ በሽታ ያለበት፣ ሌላው ወገን ወፍራም ቢሆንም ጉበቱ ጤናማ የሆነ ነበር። ከዚያም የልጆቹን ወላጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ጉበት በማግኔት ምስል መረመሩ። በሽታው ካለባቸው ልጆች ወገን 59 ከመቶ የሚሆኑት እኅቶችና ወንድሞች፣ እንዲሁም 78 ከመቶ የሚሆኑት ወላጆች ጉበታቸው ስብ ያዘለ ሆኖ ተገኘ። ከሌላው ወገን ግን ቁጥሩ 17 ከመቶና 37 ከመቶ ነበር። ውፍረት ብቻውን ነገሩን ቢያስረዳ ኖሮ ሁለቱ ወገኖች ይህን ያህል ባልተለያዩ ነበር።

በ2015 ደግሞ ሮሂት ሉምባና ባልደረቦቹ መንትዮችን መረመሩ። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ከሁለት ዕንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማናቸውም ወንድማማቾች በአማካይ ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች አብረው ያደጉ በመሆናቸው፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የዘርን ድርሻ ለመገመት ይረዳል። ከ60 ጥንዶች በተገኘው ውጤት መሠረት በሰዎች መካከል በጉበት ስብም ሆነ በጉበት ጠባሳ ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ለዘር የሚሰጥ ሆነ። ግማሽ ማለት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ሌላው ግማሽ በሰው እጅ ውስጥ መሆኑን አንርሳ።

ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው በ2017 የታተመው ሦስተኛው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ከበሽታው የተነሣ ሲሮሲስ ላይ የደረሱ ሰዎች ወላጆች፣ ልጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ተመረመሩ። ከእነዚህ ዘመዶች መካከል 17.9 ከመቶው ራሳቸው ሳያውቁት ከፍተኛ የጉበት ጠባሳ ተሸክመው ተገኙ። በንጽጽር ከተመረመሩት ሌሎች ሰዎች ግን የተገኘባቸው 1.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ዕድሜን፣ ክብደትንና የስኳር በሽታን ግምት ውስጥ ካስገቡ በኋላም አደጋው 12 እጥፍ ያህል ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። የተመረመሩት ዘመዶች 39፣ ለንጽጽር የተወሰዱት ሰዎች 69 ብቻ ነበሩ፤ ቁጥሩ ጥቂት በመሆኑ የእጥፉ ልክ በሌላ ቦታ ሊለያይ ይችላል። አቅጣጫው ግን ግልጥ ነው። በአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ2018 የሕመምተኛን ቤተሰብ በሥርዓት መመርመርን አይደግፍም ነበር። በ2023 መመሪያው ግን ሲሮሲስ ላይ የደረሰ ሕመምተኛ የቅርብ ዘመዶች ስለ አደጋው እንዲነገራቸውና የጠባሳ ምርመራ እንዲቀርብላቸው መከረ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሐኪም ግዴታ ከሕመምተኛው አልጋ ተሻግሮ አልጋው አጠገብ እስከ ተቀመጠው አስታማሚ ደረሰ ማለት ነው።

ዘረ መሉ ምን ይሠራል?

በ2008 ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የሚመሩት የምርምር ቡድን በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ፒ ኤን ፒ ኤል ኤ 3 የተባለ ዘረ መል ከጉበት ስብ ጋር መያያዙን አስታወቀ። ይህ ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን በጉበት ሴል ውስጥ ባሉት የስብ ጠብታዎች ላይ ይቀመጣል። በፕሮቲኑ 148ኛ ቦታ ላይ አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሜታዮኒን ሲተካ፣ ፕሮቲኑ በጊዜው ሳይወገድ በጠብታዎቹ ላይ ይከማችና ስቡ እንዳይፈታ ያግዳል። በሌላ አነጋገር፣ ዘብ ሆኖ የቆመው ራሱ በሩን ዘግቶ ስቡን ከውስጥ ያስቀረዋል።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተገኙ። በ2014 ቲ ኤም 6 ኤስ ኤፍ 2 የተባለው ተጨመረ። በ2018 ደግሞ ኤች ኤስ ዲ 17 ቢ 13 በተባለው ዘረ መል ላይ የሚገኝ አንድ ለውጥ ጉበትን ከጉዳት የሚከላከል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው ጉዳትን ብቻ አይደለም፤ መከታንም ይወርሳል። የአንድ ቤተሰብ ልጆች በአንድ ገበታ በልተው አድገው አንዱ ሲታመም ሌላው የሚተርፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በዳላሱ ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጠው ለውጥ ከሁሉ በላይ በላቲን አሜሪካ ተወላጆች፣ ከሁሉ ባነሰ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ተገኝቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ይህ በሽታ እኛን አይመለከትም» የሚል ካለ ተሳስቷል። አፍሪካ የሰው ዘር ልዩነት ከሁሉ በላይ የሰፋባት ክፍለ ዓለም ናት፤ በዳላስ የሚኖር ጥቁር አሜሪካዊ ስለ ጎንደሬው፣ ስለ ሐረሬው ወይም ስለ ወላይታው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሐኪም የሚጠቅመው በ2017 የታተመው ሌላ ግኝት ነው። ይኸውም ለበሽታው የሚያጋልጡት የዘረ መል ለውጦች የሚያስከትሉት ጉዳት ከሰውነት ውፍረት ጋር አብሮ የሚጨምር መሆኑ ነው። ለውጡን የያዘ ቀጭን ሰው ጉበት ላይ የሚታየው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ ያንኑ ለውጥ የያዘ ወፍራም ሰው ጉበት ላይ ግን ብዙ ነው። ዘር ክብሪት ቢሆን ውፍረት ጭድ ነው ማለት ይቻላል። በ2011 በፊንላንድ የተደረገ ጥናትም ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ ሰዎች ለጥቂት ቀናት አመጋገባቸውን ቀንሰው ክብደት ሲጥሉ፣ ለውጡ ከሌላቸው ይልቅ የጉበታቸው ስብ በብዛት እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ይህን ለሕመምተኛ ቤተሰብ ስንነግር ቃላችንን መምረጥ ይገባናል። «በዘራችሁ አለ» ብለን ካቆምን የምናወርሳቸው ተስፋ መቁረጥን ነው። «በዘራችሁ ስላለ ከሌላው ሰው ይልቅ እናንተን የአመጋገብ ለውጥ ይጠቅማችኋል» ብንል ግን እውነቱንም ተናገርን፣ መንገዱንም አሳየን።

ዘር ሳይለወጥ ኑሮ ሲለወጥ

ኑሮ ምን ያህል እንደሚያደርግ ከወገኖቻችን ታሪክ ማየት ይቻላል። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ ቀጥሎም በ1991 ከአዲስ አበባ ብዙ ሺሕ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ገና በ1988 የታተመ፣ በዚያ አገር የተደረገ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱት ወጣት ጎልማሶች መካከል የስኳር በሽታ በከፍተኛ መጠን መታየቱን ዘገበ። እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ሲነሡ ቀጫጮች፣ ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ወርደው የሚውሉ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንጀራቸው፣ እርምጃቸውና ውሏቸው ነው። የስኳር በሽታና የጉበት ስብ በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ በመሆናቸው፣ የስኳሩ ታሪክ ለጉበቱም ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ ያንኑ ጉዞ ለማድረግ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ከገጠር ወደ ከተማ የገባ፣ ቀኑን በወንበር ላይ የሚውል፣ ውኃ ሲጠማው ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ጉዞውን ጨርሶታል።

በዚህ ረገድ ስለ ጾማችን አንድ ቃል ልናገር። ጾም በራሱ ለጉበት መልካም ነው ብለን ልንሸነግል አይገባም። በጾም ቀን ሥጋና ቅቤ ቢቀሩም፣ በዘይት የተንቆጠቆጠ ወጥ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከቀረቡ ጉበቱ ጾሙን አላወቀውም። በሌላ በኩል ቡና ደጋግመው የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳ በመጠኑ ያነሰባቸው መሆኑን በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አቦል፣ ቶናና በረካን ላወረሰን ሕዝብ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ በስኒው ውስጥ የምንጨምረውን ስኳር ግን አይመለከትም።

በአገራችን ሁኔታ ምን እናድርግ?

በቤተሰብ ውስጥ የጉበት በሽታ ተደጋግሞ ሲገኝ በእኛ አገር በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የጉበት ስብ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ይህ ቫይረስ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በልጅነትም በቤት ውስጥ ስለሚተላለፍ የዘር በሽታ መስሎ ይታያል። በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛ ፕሮግራም መሰጠት የጀመረው በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ጎልማሳ ሁሉ በልጅነቱ በዚያ ፕሮግራም አልተከተበም። ስለዚህ የማንኛውም የጉበት ሕመምተኛ ቤተሰብ በቅድሚያ ለቫይረሱ ይመርመር፤ ነጻ የሆነውም ይከተብ። ቫይረሱና ስቡ በአንድ ጉበት ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉም አንዘንጋ። ባለ መጠጥና ባለ ጫት ሕመምተኛም ስኳሩና ወገቡ ሊለካ ይገባል፤ አንድ ምክንያት መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም።

ቫይረሱ ከተመረመረ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፊብ 4 የተባለው ስሌት የሰውየውን ዕድሜ፣ ኤ ኤስ ቲና ኤ ኤል ቲ የተባሉትን የጉበት ኤንዛይሞች፣ እንዲሁም የፕላትሌት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል። ዕድሜ በኤ ኤስ ቲ ይባዛል፤ ውጤቱም የኤ ኤል ቲ ካሬ ሥር በፕላትሌት ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ከ1.3 በታች ከሆነ ከፍተኛ ጠባሳ መኖሩ ያጠራጥራል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መለኪያው 2 ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ሕመምተኛው ወደ ልዩ ሐኪም ይላካል። በመካከል ያለው የጉበትን ጥንካሬ በሚለካ መሣሪያ፣ መሣሪያው ባለበት፣ ይጣራል።

በመጀመሪያ ያነሣኋት እኅት ወንድሟ ከሞተ በኋላ ለምርመራ መጣች። ዕድሜዋ 45፣ ኤ ኤስ ቲ 56፣ ኤ ኤል ቲ 36፣ ፕላትሌት 175 ሺሕ ነበር። ኤ ኤል ቲውን ብቻ ያየ ሐኪም «ጤነኛ ነሽ» ብሎ ይሸኛት ነበር። ስሌቱ ግን 45 ጊዜ 56፣ ይኸውም 2,520፣ ለ175 ጊዜ 6፣ ይኸውም ለ1,050 ሲካፈል 2.4 ሆነ። በመሣሪያ ስትለካም ጉበቷ ጠባሳ መጀመሩ ታወቀ፤ ሲሮሲስ ላይ ግን አልደረሰም። ክብደቷ 80 ኪሎ ነበር፤ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ 72 ኪሎ ሆነ። ከክብደት 5 ከመቶ መቀነስ የጉበትን ስብ፣ ከ7 እስከ 10 ከመቶ መቀነስ ብግነቱን፣ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ ደግሞ ጠባሳውን ሊያሻሽል እንደሚችል በሚገባ የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር በ2024 ሬስሜቲሮም፣ በ2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ለዚህ በሽታ ተፈቅደዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከአብዛኛው ሕመምተኛችን አቅም በላይ ነው። እኅቲቱን የረዳት በየማለዳው የምታደርገው እርምጃና ከቤቷ የወጣው ለስላሳ ነው። የጉበት ስብ ያለበትን ሰው ከጉበቱ ይልቅ ልቡ እንደሚገድለው ስለሚታወቅ፣ የደም ግፊቷንና የቅባቷን መጠንም እንከታተላለን።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ ሁለት ተቃውሞ ይገጥመኛል። የመጀመሪያው «ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ ሳለ ያልታመመውን ለምን እንጠራለን?» የሚል ነው። ሁሉም የጉበት ስብ ያለበት ሰው ቤተሰብ ይመርመር አላልሁም። ሲሮሲስ ወይም ከፍተኛ ጠባሳ የተገኘበት ሕመምተኛ ወላጆች፣ ልጆች፣ እኅቶችና ወንድሞች ብቻ ይጠየቁ ነው የምለው። እነዚህ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛዎቹም በዚያው ሰዓት ከዋርዱ ደጃፍ ተቀምጠው ይገኛሉ። የዘረ መል ምርመራም አያስፈልግም፤ በዕለታዊ ሕክምና የሚለውጠው ነገር የለምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «የጉበት በሽታ ዘር አለባቸው» የተባለ ቤተሰብ ሴት ልጁን መዳር ይቸገራል፤ «አባታቸው ጠጪ ነበር» የሚለው ሐሜትም አብሮ ይነሣል። ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ስለዚህ ምስጢር ጠባቂነታችን ከወትሮው መጥበቅ አለበት። ለዘመዶቹ የሚነግረው ሕመምተኛው ራሱ ይሁን፤ እኛ ቃሉን እናዘጋጅለት፤ ሲፈቅድ ብቻ አብረነው እንቀመጥ። በካርዱ ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አንጻፍ። ጋብቻን የሚከለክል በሽታ አለመሆኑንም በግልጥ እንናገር።

ሕዝባችን ዘር መቁጠር ያውቃል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ለርስትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስም በስም ሲያወርድ ኖሯል። እኛ በካርዳችን ላይ የምንጽፈው ግን የአባትንና የአያትን ስም ብቻ ነው። በእናት የሚዛመዱት፣ አባታቸው የተለያየ እኅትና ወንድም በመዝገባችን ውስጥ ባዕድ ሆነው ይቀራሉ። ያ ሌሊት የመጣው ሰው የእናቱ ካርድ በዚያው ሆስፒታል መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር፤ በስም ግን የሚያገናኛቸው አልነበረም። ሕዝቡ የሚያውቀውን ቆጠራ እኛ መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀረን።

ለዚህም ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሕመምተኛ መቀበያ ቅጽ ላይ «ከእናት ወይም ከአባት፣ ከልጅ፣ ከእኅት ወይም ከወንድም በጉበት ወይም በስኳር የታመመ አለን?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ከጤና ተቋማት ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፣ የፊብ 4 ስሌት በአማርኛ በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ለየጤና ጣቢያው ይታደል። ሦስተኛ፣ ሲሮሲስ ያለበት ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ማጠቃለያ ላይ ለቤተሰቡ ምክር መሰጠቱ ወይም አለመሰጠቱ ይጻፍ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ላይ ግን የሚደበቀው በሽታው ከሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ የሚያውቀውን ሳይናገር ይቀራል።

ያቺ እኅት ዛሬም በየስድስት ወሩ ትመጣለች። ባለፈው ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን የሟች ወንድሟን ልጅ ይዛ መጥታ ነበር። «እርሱንም ይዩት» አለችኝ። መዘንሁት፤ ደሙንም አስመረመርሁት። ወገቡ ሰፋ ያለ ነው፤ ጉበቱ ግን እስካሁን ደኅና ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንዲመጣ ቀጠሮ ሰጥቸዋለሁ፤ በካርዱም ላይ የአባቱንና የአያቱን የእናቲቱን ሕመም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ።